የኮልዶ ቀለም

አባቴ ቬንደሊን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣
የብረት ማቅለጫውን ጥቀርሻ የጠገበ ቱታውን
ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣
መኪናችንን ከጋራዥ ጎትቶ በረዶ ላይ ጥሎ፣
«ኮልዶን ልሠራው ነው» አለን።
እናቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሜትሩን ይዞ ሲወርድ ዝም አልን።

ኮልዶ ማለት፣ ለማታውቁት፣
የኮሺትሴ ልጆች ድሮ ሐሙስ ሐሙስ የሚያዩት
ሮቦት ነው፤ ከጨረቃ ማዕድን ሸሽቶ
ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሥራ አግኝቶ፣
ሻንጣ የሚሸከም፣ መንገደኛ የሚያሳፍር፣
ራሱ ግን የትም የማይሳፈር።
አሥራ አንድ ክፍል ታየ፤ አሥራ ሁለተኛው አልተጀመረ፤
ፊልሙም በጎርፉ ዓመት፣ ምድር ቤት እንዳለ፣ ሻግቶ ቀረ።
የተረፈው አንድ የጋዜጣ ፎቶ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣
ግማሹን የሚናገር፣ ግማሹን የረሳ።

ደረቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ፣
አንገቱ የምንጣፍ መጥረጊያ ቱቦ፣ በሽቦ ታስሮ፣
ጉልበቱ የብስክሌት ሰንሰለት፣
ዓይኖቹ ከአሮጌ ስኮዳ የተፈቱ የጭጋግ መብራት።
ድምፁን እኔ ሰጠሁት፤
ባልዲ ውስጥ አንገቴን ቀብሬ፣ «ተሳፈሩ!» እያልሁ ቀዳሁት።
ሁለት የበረዶ ወራት አለፉ፤
ጎረቤት የድስት ክዳን ይዞ፣ «ለጆሮው ይሆናል?» ይላል ከደጃፉ።
እጁ ላይ ሲደርስ ግን ተቸገረ፤
ጣቶቹ እንቁላል ሳይሰብሩ እንዲይዙ ብሎ ስንት ሌሊት አደረ!
ስንቱ ፈሰሰ!
የዚያ ሰሞን ቁርሳችን ሁሉ ሲሚንቶ ላይ ተለወሰ።

ከዚያ ቀለም ደረሰ።
«ቀይ ነበር» አለ፣ ባዶውን ቆርቆሮ በደረቅ ብሩሽ እየዳበሰ፣
«የጣቢያ አለቃ ኮፍያ ቀይ።»
አጎቴ ኢምሪክ ከፕሬሾቭ መጥቶ ነበር፤ «አረንጓዴ! ዕውር ነህ ወይ?»
አብረው ነው ያዩት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣
በጎረቤት ሳሎን፣ አንድ ምንጣፍ ተሻምተው።
ተከራከሩ። ልጅነታቸው በሙሉ መጣ፤
የተሰበረው ሸርተቴ፣ ማን ተገርፎ ማን በሰላም እንደወጣ።
እኔ ነኝ መሃል ገብቼ የጠየቅሁት፣
«ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ነበር?» ብዬ ሁለቱንም ዝም ያሰኘሁት።

ጥቁርና ነጭ ነበር።
ከአንድ ግራጫ ነው ለካ፣ አንዱ ቀይ አንዱ አረንጓዴ
ሲቀዳ የኖረው፣ ሃምሳ ዓመት፣ በምስጢር።

ብራቲስላቫ ድረስ ጻፍሁ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ
ዝላቲጻ የምትባል አሮጊት ደወለች፤
የስቱዲዮው ቀለም ቀቢ ነበረች።
ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።
«ኮልዶ?» አለች፣ ሳሏ እስኪያልፍላት ቆይታ።
«ቡኒ ነበር። የወለል ቀለም። ከትምህርት ቤት እድሳት የተረፈ፣ ለምነን ያገኘነው በስንት ልመና፣ በስንት ይሉኝታ።
ሰውነቱ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ያለው ልጅ ሙቀቱን አይችል፣ በየመሃሉ ይወድቃል፤
ቀለሙ ሳይደርቅ እንቀርጸዋለን፤ ቡኒ ቢሆንስ ማን ያየዋል?»

አባቴ ሁለት ቀን ጋራዥ አልገባም።
ኮልዶ በእርቃኑ ቆመ፤ መብራት ያበራለት የለም።
በሦስተኛው ቀን ቡኒ ገዝቶ መጣ፣ ትንሿን ጣሳ፤
የኮልዶን እግር በክሪክ አነሣ፣
ተንበርክኮ ሶሉን ብቻ ቀባው፣ ወለሉን የሚነካውን።
ከዚያ ከፈተ ቀዩን።

ኢምሪክ እሑድ መጣ። ዞረው። ዓይኑን ጨፈነ። «ተሳስተሃል» አለ።
ይህን ብሎም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ብሩሽ አንሥቶ፣
ግራ ክንዱን በቀይ መቀባት ቀጠለ።

ማታ እናቴ ካፖርቷን ደርባ ከበሩ ቆመች፤
«መኪናዋስ መቼ ነው የምትገባው?» አለች።
አባቴ ቁልፉን ተጫነ። የጭጋግ መብራቶቹ በሩ፤
ድምፄ ከብረት ደረት ውስጥ፣ የእኔ ያልሆነ ያህል፣
«ተሳፈሩ!» አለ። «ተሳፈሩ!»
ውጭ፣ መኪናችን በረዶዋን እንደለበሰች፣
ሞተሯ አልነሣ ካለ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።